የመጠየቂያ ብርቱካን

ዓለምነህ በአርባ አራት ዓመት ዕድሜው ብርቱካን የበላው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ። አንዴ ትርፍ አንጀቱን ሲያስወጣ፣ አንዴ ደግሞ መኪና ተገልብጦበት ጎድኑ ሲሰበር። ይህንንም እንደ ጀብዱ ያወራዋል። ታላቅ እህቱ ሲስተር እታፈራሁ ወሬው በተነሳ ቁጥር ደሟ ይፈላል። ሰውዬው ዛፍ በማይበቅልበት አገር ተወልዶ ቢሆን እሺ፣ ይሁን። ግን መርሳ ተወልዶ መርሳ ያደገ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአይሱዙው ግራና ከምትባለው መንደር ብርቱካንና ፓፓያ እየጫነ ወልድያ ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነው። «ታዲያ አንዷን አንስተህ አትልጥም ወይ?» ስትለው «ጭነት ይበላል እንዴ?» ይላታል፣ ስሚንቶ ብላ ያለችው ይመስል።

የሚበላውንማ አለማንሳት ይሻላል። ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲጋራ፤ በሲጋራው ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ፤ ረፋድ ላይ ብርድ በማያውቀው አገር «ለብርዱ» የምትባል አንድ መለኪያ አረቄ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጋራ በሲጋራ ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀራ በሽሮ፣ ማታም እንጀራ በሽሮ። ጾም ሲመጣ ይጾማል፣ በዚህ አይታማም፤ ሲጋራና አረቄው ግን የፍስክ ነው ያለ ቄስ እስካሁን አላጋጠመውም። ሚስቱ አለሚቱ ደግሞ ጎመን ስትሠራ መራራው ይውጣ ብላ ሁለት ጊዜ ቀቅላ፣ ሁለቱንም ጊዜ ውሃውን ደፍታ፣ ጨምቃ ጨምቃ ነው። ሳህን ላይ የሚቀርበው የጎመን አስከሬን ነው። ዓለምነህ እሱንም በእንጀራ ጫፍ ወደ ዳር ይገፋዋል።

እታፈራሁ ነርስ ሆና ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ለስንቱ ሰው ስንት ጊዜ ተናግራ እንደሆነ ራሷም አታውቀውም። ለወንድሟ እንኳ በሚገባው ቋንቋ ልንገረው ብላ ደክማለች።

«ሰውነት እንደ መኪና ይዝጋል» ትለዋለች። «ዝገቱን የሚከላከሉት ከፍራፍሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኙት ቫይታሚኖች ናቸው። አንተ የምትበላው ምግብ ውስጥ የሉም። ያለችህንም ጥቂት ሲጋራው ይበላብሃል፤ ከሲጋራው የተረፈውን አረቄው ያጥበዋል።»

«እኔ አልዛግሁም፣ እታለም» ይላል ዓለምነህ፣ ጭሱን ወደ ጣሪያው እየለቀቀ።

በነሐሴ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ መርሳ ሲደርስ ዓለምነህ መኪናው እንዳትወሰድበት ጎማዎቿን ማውለቅ ጀመረ። ጎማ የሌላት መኪና ማንም አይነዳትም ብሎ ነው፤ ብዙ ሾፌር እንደዚያ አድርጓል። በጥድፊያ ላይ ሳለ ክሪኩ ተንሸራተተና የጎማው ቸርኬ የግራ እግሩን አገዳ ላጠው። ትንሽ ቁስል ናት። ጤነኛ ሰው ላይ ብትሆን በሁለት ሳምንት ትደርቃለች። እሱ ላይ ግን መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባም አልደረቀችም፤ ጠርዟ ጠቆረ፣ እያደር ሰፋች። ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል። ማንም ሳይነካው ጭኑ እዚህም እዚያም ይበልዛል።

እታፈራሁ ድዱን እንዳየች ነገሩ ገባት። ሲገባት ደግሞ እጇ ባዶ ነበር። የጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ የቫይታሚን ኪኒን ይቅርና ፋሻ የለም። መንገዱ ዝግ ነው፤ ወልድያ መሄድ አይታሰብም። ስልክ የለ፣ መብራት የለ። የቀራት የጨው ውሃና አንደበቷ ብቻ ነው።

«ስማኝ» አለችው ቁስሉን እያጠበች። «ይቺ ጥቁረት ወደ ላይ ከወጣች እግርህ ይቆረጣል። የሚቆርጠውም ሰው እዚህ የለም። ስለዚህ ምን እንደሚሆን አንተው ጨርሰው።»

ለሾፌር ግራ እግር ማለት ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ ያልቻለ ሾፌር መኪናውን ሸጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሌላውን መኪና ይቆጥራል። ዓለምነህ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ ፊቱ ሲገረጣ አይታለች። ገርጥቶ ምን አደረገ? ሲጋራ ለኮሰ።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ እታፈራሁ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ ወደ ግራና ሄደች። ገበያው ከተበተነ ሰንብቷል። ጋሽ ማሩ የሚባሉ ሽማግሌ ግን ውሃ ዳር ካለችው የአትክልት ቦታቸው አልወጡም ነበር። መንገደኛውም ታጣቂውም ዛፎቹን አራግፏቸው፣ የቀረው እጅ የማይደርስበት ጫፍ ላይ ያለው ብቻ ነው።

«ገና ጥሬ ነው፣ ልጄ፣ አረንጓዴ ነው» አሏት።

«አረንጓዴም ቢሆን ይስጡኝ፣ ጋሽ ማሩ።»

በረጅም እንጨት ስድስት አወረዱላት። ዘንቢሏ ውስጥ እያስቀመጡ «ማን ታሞ ነው?» አሉ። ስትመለስ ኬላ ላይ አንድ ጠመንጃ ያንጠለጠለ ወጣት ዘንቢሉን ከፍቶ አየና እሱም «ማን ታሞ ነው?» አላት። «ወንድሜ ነው» ስትለው «እግዜር ይማረው» ብሎ አሳለፋት። ምርቃት ነበር፤ ቢሆንም አናደዳት። በዚህ አገር ብርቱካን የያዘ ሰው የሚጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ብርቱካን የመጠየቂያ ነው፣ ያልጋ ቁራኛ ትራስጌ የሚቀመጥ ነው። ጤነኛ ሰው ለራሱ ገዝቶ ቢበላ የሚከለክለው የለም፤ የሚያስበው ሰው ግን አልተወለደም።

ወንድሟንና ሚስቱን ታውቃቸዋለችና፣ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ጠብታ ብቻ ከቀረው ብልቃጥ በእንጨት እየነከረች ብርቱካኖቹን ነጠብጣብ አደረገችባቸው፤ የረቡዑን አንድ፣ የሐሙሱን ሁለት፣ እንዲህ እያለች የሰኞውን ስድስት።

«በቀን አንድ» አለቻት አለሚቱን። «ልጠሽ፣ አጠገቡ ቆመሽ፣ ሲውጥ እያየሽ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ለሌላ ሰው አይደለም። መድኃኒት ነው።»

«ኧረ እሺ አልኩ እኮ፣ እትዬ! ምን ነካዎት?»

ቅዳሜ ጠዋት ቁስሉን ልታጥብ መጣች። ጥቁረቱ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። «እየበላ ነው?» አለች። «እየበላ ነው» አለች አለሚቱ፣ ወደ ጓዳ እየገባች። ዓለምነህ ወደ መስኮቱ አየ። እታፈራሁ እግሩን ጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ ራሷን ትሟገት ነበር። ምናልባት ጊዜ ይፈልግ ይሆናል፣ ምናልባት ስድስቱን ሲጨርስ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘውዱ ዘንድ ገባች። ዘውዱ ከወንድሟ ቤት ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ባለሱቅ ነው፤ ጣሪያውን ሲጠግን ወድቆ እጁ ተሰብሯል። ወጌሻ አስሮለታል። ማሰሪያውን ላላ ልታደርግለት ጎንበስ ስትል ትራስጌው ያለው በርጩማ ላይ ሁለት አረንጓዴ ብርቱካን አየች። አንደኛው ላይ አራት ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ ሌላኛው ላይ አምስት።

«ይህን ማን አመጣልህ?» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«አለሚቱ ናት፣ ትናንት ማታ ልትጠይቀኝ መጥታ። ምን ዓይነት ሰው ናት እባክሽ! በዚህ ዘመን ብርቱካን!»

«ታዲያ ምነው አልበላኸው?»

«ኧረ ተይ፣ ሲስተር። የጎረቤታችን የሙላቱ እናት ታመዋል አሉ። ስነሳ ባዶ እጄን ልሄድ ነው?»

እታፈራሁ ቀና አለች። ቢላዋ ፈለገች፣ አራት ነጠብጣብ ያለውን ከፈለችው፣ «ብላ» አለችው። ዘውዱ የቀለደች መስሎት ሳቀ። አልቀለደችም። ቢላዋውን እንደያዘች አጠገቡ ቆማ፣ እሱ በደህናው እጁ እየጎረሰ፣ ከኮምጣጣነቱ የተነሳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው በላ። ሲጨርስ ሁለተኛውን ብርቱካን አንስቶ ዘረጋላት።

«ይቺን ለዓለምነህ ውሰጂለት። እግሩን አሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ። መጥቼ ስላልጠየቅሁት ቅር እንዳይለው፣ በእጄ ምክንያት ነው በይልኝ።»

ከት ብላ ልትስቅ ነው፣ ልትጮህ ነው፣ ለራሷም አልለይልሽ አላት። ብርቱካኑን ነጥቃ ወጣች።

ወንድሟ ቤት ስትገባ ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ሻይና ቆሎ። ብርቱካኑን የመሶቡ ክዳን ላይ ዘጭ አደረገችው።

«ዘውዱ እግዜር ይማርህ ብሎሃል» አለች።

አለሚቱ ፊቷ ደም መሰለ። ከዚያ ግን፣ እታፈራሁ ይቅርታ ስትጠብቅ፣ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ታዲያ ምን ይዤ ልሂድ፣ እትዬ? ስኳር የለ፣ ዳቦ የለ፣ ገበያ የለ። ጎረቤቴ ሊዲያ በዚህ በተኩስ መሀል ስትወልድ እጄን አንጠልጥዬ ልግባ? አንደኛውንና ሁለተኛውን ለእሷ ወሰድኩ። ዘውዱ ሲወድቅ ዝም ልበል? ነገ እኔ ስተኛ ማን ደጄን ይረግጣል? እርስዎ ነርስ ስለሆኑ ሰው ቤት ባዶ እጅዎን ይገባሉ፤ እኔ ምን ብዬ?»

እታፈራሁ የአለሚቱ ነገር እውነት መሆኑ ገባት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «ሦስተኛዋስ?» አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ሦስተኛዋን እኔ ነኝ» አለ ዓለምነህ።

«በላሃት?»

«አይ… በሦስት ሲጋራ ለወጥኳት።»

«በእግርህ ሲጋራ ገዛህ!» ብላ ጮኸች። «ግማሽ ቀን የሄድኩበትን! በኬላ ያለፍኩበትን! አንተ ሰው፣ ነፍስህ ምን ላይ ነው ያለችው? እግርህ እየበሰበሰ ነው እኮ! እኔ ስቆጣህ እንደ ሕፃን ወደ መስኮት ታያለህ፤ ልጅ ብትሆን ገርፌ አበላህ ነበር። አርባ አራት ዓመትህ ነው! ምን ላድርግህ? አፍንጫህን ይዤ ልጋትህ?»

«ብርቱካን የበሽተኛ ነው» አለ ዓለምነህ በቀስታ።

«በሽተኛ ነህ እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ።» ጨርቅ የተጠቀለለውን እግሩን አየ። «አባባ ሲሞት ትራስጌው አሥራ አንድ ብርቱካን ነበር። የምሠራው ጠፍቶኝ ቁጭ ብዬ ስቆጥራቸው ነበር። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይጨምራሉ፣ እሱ ይቀንሳል። ልክ አሥራ አንድ ሲሆኑ ሞተ። አሁን አንቺ በስድስት ትጀምሪያለሽ። እኔ ፈርቼ ነው፣ እታለም። ሌላ ምንም አይደለም።»

እታፈራሁ ወንድሟ ፈራሁ ሲል ሰምታው አታውቅም። ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ የነርስ ተማሪ። አባቷን ያስታመመችው እሷ ናት። ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር።

«ላጪልኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው። አፌ ደረቀ፣ አንዷን ላጪልኝ አለኝ። እኔ ጠያቂ ሊመጣ ነው፣ ትራስጌህ ጎድሎ ቢያዩት ነውር ነው አልኩት። ሲሞት አሥራ አንዱንም ሰብስቤ አጠገቡ ለተኛው ሰው ሰጠሁ። እሱም ሲበላ አላየሁም።»

ከተናገረችው በኋላ ልትቀመጥ አልቻለችም። ተነሥታ አምስት ነጠብጣብ ያለውን ብርቱካን በጥፍሯ መላጥ ጀመረች፤ ጥሬ ስለነበር ልጣጩ እየተቆራረጠ መሬት ላይ ይወድቃል። «እይ» አለችው፣ «እኔ ጤነኛ ነኝ። አልጋ ላይ አይደለሁም። እይ፣ እበላዋለሁ።» ብላ አንዷን ፍሬ ነከሰች።

ዓለምነህ አየ። ያየው ግን እሷ እንዲያይ የፈለገችውን አልነበረም። እጇ ላይ የቀረው ግማሽ ፍሬ ቀይ ሆኗል።

«ደም ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ድድሽ እየደማ ነው። አፍሽን ክፈቺ። ክፈቺ አልኩሽ!»

«ተወኝ፣ አንተ ብላ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መዋሸት አልቻለችም፤ ለመዋሸት ደክሟት ነበር። «ከመስከረም» አለች።

ከነሐሴ ጀምሮ የበላችው ሻይና ቆሎ ነው፣ ሲገኝ ደረቅ እንጀራ። ቀን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ለምሳዋ የምትይዘውን ለበሽተኛ ሰጥታ ትመጣለች። ድዷ ሲደማ በውሃ ተጉመጥምጣ ትተፋለች፣ ደክሟት ነው ብላ። ስድስት ብርቱካን ከግራና ስትሸከም አንዷን እንኳ ለኔ ብላ አላሰበችም። ምክንያቱም እሷ የታመመ ሰው አይደለችማ።

አሁን ደግሞ የዓለምነህ ተራ ሆነ። እንደዚያ ተቆጥቶ አያውቅም።

«ሃያ አንድ ዓመት!» አለ። «ሃያ አንድ ዓመት ሰው ስትቆጪ! ቫይታሚን፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ዝገት፣ ምንትስ! ጆሯችንን ስታደነቁሪ ኖረሽ! እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ እሺ፣ ደንቆሮ ነኝ። አንቺስ ምንድን ነሽ?» በቆሰለው እግሩ ተነሣ። እያነከሰ ጓዳ ገባና ከዱቄት ማስቀመጫው ሥር ስድስተኛዋን ብርቱካን፣ ባለ ስድስት ነጠብጣቧን፣ እየጎረጎረ አወጣ።

«ኧረ ዓለምነህ፣ እሷ ለሙላቱ እናት ናት!» አለች አለሚቱ።

አልሰማትም። በጥርሱ ቀዶ ላጠና አንዷን ፍሬ ወደ እህቱ አፍ ዘረጋ።

«ጉረሺ።»

«አንተ ቅደም።»

«ጉረሺ ብያለሁ፣ እታለም፣ ሰው አታስቂብኝ።»

«አንተ ሳትውጥ አፌን አልከፍትም።»

እንዲህ እየተነታረኩ፣ አንዱ የሌላውን ጉሮሮ እያየ፣ ፊታቸው ከኮምጣጣው የተነሳ እየተጨማደደ፣ አንድ በአንድ ተጎራረሱ። የዓለምነህም ድድ ደማ። ማንኛው ደም የማን እንደሆነ አልታወቀም። ሲጋራው ጆሮው ላይ እንደተሰካ ረስቶት ነበር።

አለሚቱ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። «የሙላቱን እናት ልጠይቅ ነበር» አለች፣ ልጣጩን እያየች። «አሁን ምን ይዤ ልሂድ?»

ዓለምነህ አፉ ሞልቶ ስለነበር መጀመሪያ ዋጠ።

«ባዶ እጅሽን ሂጂ። ምን ያዝሽልን የሚል ካለ፣ ባሌ በላው በይ። ዓለምነህ ታሞ ነው፣ ብርቱካኑን እሱ በላው በይ።»

ይህን በገዛ አፉ አለ፤ ታሞ ነው። አለሚቱ ነጠላዋን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ለእኔም አንድ አታቀምሱኝም?» አለች።

ከዚያ ወዲህ እታፈራሁ በየሳምንቱ ግራና እየሄደች ጋሽ ማሩ ያገኙላትን ታመጣለች፤ አንዴ ዘይቱን፣ አንዴ ግማሽ ፓፓያ፣ አንዴ ምንም። አለሚቱ ጎመኑን አንድ ጊዜ ብቻ ቀቅላ ውሃውን በኩባያ ለባሏ ትሰጠዋለች፤ እየተሳደበ ይጠጣዋል። አረቄው ጠፋ፤ ሲጋራውም ቀነሰ፤ ስለተወው ሳይሆን የሚሸጥ ስለታጣ ነው። ቢሆንም በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ከየት እንደሚያመጣ እግዜር ይወቅ። በየጠዋቱ ቁስሉን ስታጥብ ይጨቃጨቃሉ። መድፉ ቀርቦ በሚጮህበት ቀን እንኳ ጭቅጭቃቸው አልቆመም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጨርቁን ፈታችና እጇ እንደያዘው ቀረ። ጥቁረቱ የለም። ዳር ዳሩን፣ ከሁሉም አቅጣጫ፣ ቀጭን ሮዝ ቆዳ ወደ መሀል መግባት ጀምሯል። በጣቷ ጫን አለችው። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል።

«ምነው?» አለ ዓለምነህ ከላይ። «ምነው ዝም አልሽ? ባሰ እንዴ? ንገሪኝ እንጂ!»

አንገቷን አላነሳችም። እንባዋ እግሩ ላይ ሲወርድ ግን ተሰማው፤ ደነገጠ።

«እታለም! ይቆረጣል እንዴ?»

«ተርፏል» አለች፣ እያለቀሰች። «እግርህ ተርፏል። አሁን ያንን ሲጋራ አጥፋው፤ አለዚያ እኔው ራሴ እቆርጥልሃለሁ።»